አሥሩንም ደረጃ ሸምድጄ ሚዱን ለምን ወደቅኩ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። በዚህ ሴሚስተር ሜታቦሊክ ባዮኬሚስትሪ እየወሰድኩ ነው። ለሚድ (ለአጋማሽ ፈተናው) አሥሩን የግላይኮሊሲስ (የግሉኮስ መክፈያ መንገድ) ደረጃ፣ የክሬብስ ሳይክልን (ምግብ በሴል ውስጥ የሚቃጠልበትን ዑደት) ከነኢንዛይሞቹ፣ ቤታ ኦክሲዴሽንን (የስብ ማቃጠያውን) ሳይቀር ሸምድጄ ገባሁ። ከ100 41 አመጣሁ። ብዙ ነጥብ የጣልኩት እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፦ ‹አንድ ሰው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ፣ ሌሊቱን አረቄ ሲጠጣ አድሮ፣ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ገባ። የደም ስኳሩ በጣም ወርዷል። ለምን?› እኔ ‹ስላልበላ› ብዬ መለስኩ። ከ20 የተሰጠኝ 2 ነው። ለፋይናል 5 ሳምንት ይቀረኛል። እንዴት ላጥና? ስትራክቸር ሁሉ መያዝስ አለብኝ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለዚያች 2 ነጥብ እናውራ። «ስላልበላ» ያልሽው ስህተት አይደለም። ግን ጥያቄውን አይመልስም። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩትን ሰዎች አስቢ። ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ያስቀድሳሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። በረመዳንም ሰው ቀኑን ሙሉ ጾሞ ይውላል። ጤነኛ ሰው አንድ ቀን እህል ባይቀምስ ራሱን ስቶ አይወድቅም። ስኳሩን ደግፎ የሚይዝለት ነገር አለ። አስተማሪሽ የጠየቁሽ ያንን ነው። ደግፎ የሚይዘው ምንድን ነው? አረቄውስ ምኑን ሰበረው?

ይህን ለመመለስ የሚያስፈልግሽ ነገር በሙሉ ከሸመደድሽው ውስጥ አለ። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። አንቺ መንገዶቹን በኢንዛይም ስም ይዘሻቸዋል። እያንዳንዱ መንገድ ግን የሚከፈተው አንድ አካል፣ በሆነ ሰዓት፣ የሆነ ነገር ሲቸግረው ነው። ስለዚህ የትኛውንም ፓዝዌይ ስትከፍቺ ከስሞቹ በፊት ጠይቂ፦ የትኛው አካል? በስንት ሰዓት? ምን ቸግሮት? እኔ ይህን ኮርስ ከዚህ ጥያቄ ውጪ ማስተማር ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ክፍል ውስጥ የማደርገውን ላሳይሽ። በፌስታል ጥሬ ሽምብራ ይዤ እገባለሁ። አንድ ፍሬ አንድ ግራም ግሉኮስ ነው። አምስት ተማሪዎች ወደ ፊት ይወጣሉ። አንዷ ጉበት፣ አንዱ አንጎል፣ አንዱ ጡንቻ፣ አንዷ ቀይ የደም ሴል፣ አንዱ ስብ ይሆናሉ። ለጉበት 100 ፍሬ ተቆጥሮ ይሰጣታል። ለጡንቻ 400። ይህ ግላይኮጅናቸው፣ ማለትም ያከማቹት ስኳር ነው። ጠረጴዛው ላይ 5 ፍሬ ብቻ አስቀምጣለሁ። ጠረጴዛው ደም ነው።

ተማሪዎቹ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይደነግጣሉ። አዎ፣ በመላው ደማችን ውስጥ ያለው ግሉኮስ 5 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ እንጀራ በሽሮ በልተናል እንበል። ጤፉ ተፈጭቶ፣ ግሉኮስ ሆኖ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከአንጀት እየገባ ነው። ያኔ ችግር የለም። «አከማቹ» የሚለው ሆርሞን ኢንሱሊን ከፍ ብሏል፣ ሁሉም ያከማቻል። ከዚያ በኋላ ግን ከአንጀት የሚመጣው ያልቃል። እኔ ሰዓት መጥራት እጀምራለሁ። «ከሌሊቱ 7 ሰዓት!» አንጎል በቀን 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል። ለ24 ስናካፍለው በሰዓት 5 ፍሬ ነው። ልጁ ይመጣና 5ቱንም ያነሳል። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ፣ በአንድ ሰዓት ብቻ። ጉበት ቶሎ ብላ ካልተካች ሰውየው አለቀለት። ስለዚህ «አውጪ» የሚለው ሆርሞን ግሉካጎን ይጮኻል፣ ጉበት ግላይኮጅኗን እየፈታች ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች። ሰውየው በዚህ ሰዓት ተኝቷል። ምንም አያውቅም።

ቀይ የደም ሴልም በየሰዓቱ አንድ ሁለት ፍሬ ታነሳለች። እሷ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም በኦክስጅን የሚያቃጥለው የሴል ምድጃ፣ የላትም። የምታውቀው ግላይኮሊሲስን ብቻ ነው። ያነሳችውን ሽምብራ ከክታ፣ ሁለቱን ክክ መልሳ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ክኩ ላክቴት ነው። ግላይኮሊሲስ የሚለው የግሪክ ቃል ሲፈታ ጣፋጩን መክፈል ማለት ነው፤ እኛ ቤት መክካት እንለዋለን። ባለ 6 ካርበኑ ግሉኮስ ተከክቶ ሁለት ባለ 3 ካርበን ይሆናል። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ተማሪ ላክቴት ቆሻሻ ነው ብሎ አይጽፍም። ክክ ቆሻሻ አይደለም። ጉበት ሰብስባው መልሳ ሙሉ ሽምብራ ታደርገዋለች። ይህን ዑደት ያሳዩን ፕራግ ተወልደው ኋላ ወደ አሜሪካ የሄዱት ባልና ሚስት ካርል ኮሪ እና ገርቲ ኮሪ ናቸው። በ1947 ኖቤል ሲሸለሙ ገርቲ በሕክምናው ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ሆነች።

አንድ ጊዜ ጡንቻ የሆነው ልጅ ጉበት ስትጨነቅ አይቶ አዘነላት። አንድ እፍኝ ሽምብራ ዘግኖ ለአንጎል ዘረጋ። «አይቻልም» አልኩት። «ለምን? 400 አለኝ እኮ!» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን መልሱን አልነገርኳቸውም። ሃንድአውቱን ገልጠው እንዲፈልጉ 10 ደቂቃ ሰጠኋቸው። ያገኘችው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ግላይኮጅን ሲፈታ የሚወጣው ግሉኮስ 6 ፎስፌት ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ስኳር ከሴል መውጣት አይችልም። ፎስፌቱን የሚያነሳው ግሉኮስ 6 ፎስፋቴዝ ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ውስጥ እንጂ ጡንቻ ውስጥ የለም። የጡንቻ ስኳር ለጡንቻ ብቻ ነው። እነዚያ ልጆች ይህን ኢንዛይም የሚረሱት አይመስለኝም። ያወቁት ለልጁ ቸርነት መልስ ሲፈልጉ ነውና።

አሁን ደግሞ ይህ ኢንዛይም ከጉበትም ላይ ቢጠፋ ብለሽ አስቢ። ሕፃኑ ከጠባ ጥቂት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ይወርዳል። ጉበቱ ግን በግላይኮጅን ተወጥሮ ያብጣል፤ ጎተራው ሞልቶ በሩ ተቆልፏል። ይህ የፎን ጊርኬ በሽታ ነው። ኮሪዎቹ በ1952 የዚህ ኢንዛይም ጉድለት መሆኑን አሳዩ። አንድን የሜታቦሊዝም በሽታ ከአንድ የጎደለ ኢንዛይም ጋር በመጀመሪያ ካገናኙት መካከል ናቸው።

ወደ ሽምብራችን እንመለስ። ሰዓቱ ይጠራል። ጠዋት ይሆናል፣ ቀትር ይሆናል። ወደ 9 ሰዓት ሲጠጋ የጉበቷ ልጅ እጅ ላይ የቀረው ጥቂት ፍሬ ነው። ይህ ቀለል ያለ ሒሳብ ነው፤ እውነተኛው ሰውነት የሚቀጥለውን ሥራ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ግን መልኩ ይኸው ነው። አንድ ቀን ገደማ ሲሞላ የጉበት ግላይኮጅን አልቋል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ጉበት ግሉኮስ መሥራት አለባት። ግሉኮኒዮጀነሲስ የሚባለው ይህ ነው። ከምን ትሠራዋለች? ከቀይ የደም ሴል ከሚመጣው ክክ፣ ከጡንቻ ፕሮቲን ከሚመጣው አሚኖ አሲድ አላኒን፣ ስብ ሲቀልጥ ከሚወጣው ግሊሰሮል። ዋና ዋናዎቹ ሦስቱ በሮች እነዚህ ናቸው። በቀይ እስክሪብቶ ጻፊያቸው፣ ሰካራሙ ሰውዬ ጋ ስንደርስ ያስፈልጉናል።

ከዚያ በፊት ግን ኤንኤዲ የሚባለውን ነገር እንጨርስ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስላይዱ ላይ «ኤንኤዲ ወደ ኤንኤዲኤች» የሚል ቀስት በየቦታው አለ። ተማሪው እንደ ጌጥ ያልፈዋል። አንቺ ግን ቦኖ ላይ ተሰልፎ ውሃ የሚቀዳ ሰው አስቢ። ጀሪካን ያለው ጥቂት ነው። ኤንኤዲ ባዶው ጀሪካን ነው። ከስኳር ላይ ሃይድሮጅን ሲቀዳበት ኤንኤዲኤች ይሆናል፣ ሞላ። የሞላውን ቶሎ ሄዶ ካልደፋው በቀር መልሶ መቅዳት አይችልም። ከግላይኮሊሲስ አሥር ደረጃዎች ውስጥ 6ኛው ባዶ ጀሪካን ይፈልጋል። ባዶ ከጠፋ ግላይኮሊሲስ እዚያው ቀጥ ይላል።

ኦክስጅንና ማይቶኮንድሪያ ካለ ጀሪካኑ እዚያ ይደፋል፣ የሴሉ የኃይል ገንዘብ የሆነው ኤቲፒም ይገኝበታል። ከሌለ ሴሉ ሌላ መድፊያ ይፈልጋል። ቀይ የደም ሴል የግላይኮሊሲስ መጨረሻ በሆነው ፓይሩቬት ላይ ትደፋውና ላክቴት ይሆናል። የቤታችሁ ሊጥ ውስጥም ይኸው ነው። እርሾ የተጨመረበት የጤፍ ሊጥ ኮምጠጥ የሚለው ባክቴሪያዎቹ እንዲሁ ስለሚደፉ ነው። የጠላ እርሾ ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት። ፓይሩቬቱን መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ታደርገዋለች፣ ካርበን ዳይኦክሳይዱ እየተንተከተከ ይወጣል። ከዚያ ሃይድሮጅኑን አሴታልዲሃይዱ ላይ ትደፋዋለች። የተደፋበት ነገር አልኮል ነው። ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄው የሚወጣበት ጥንስስም የሚያሰክረው እርሾዋ ጀሪካኗን ባዶ ለማድረግ ባደረገችው ነገር ነው።

አሁን ሰውየው ጋ ደርሰናል። አረቄው ጉበት ገባ። ጉበት ምን ታደርጋለች? እርሾዋ የሠራችውን ወደኋላ ትመልሳለች። አልኮሉን አሴታልዲሃይድ ታደርጋለች። ለዚህ ባዶ ጀሪካን ትወስዳለች፣ ይሞላል። አሴታልዲሃይዱን አሴቴት ታደርጋለች። ሌላ ጀሪካን ይሞላል። እርሾዋ ጋን ውስጥ የደፋችውን ጉበት መልሳ ቀዳችው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያደረ ሰው ጉበት ውስጥ የሞላ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ባዶ ግን የለም።

በቀይ የጻፍሻቸውን ሦስት በሮች አውጪ። ላክቴት ግሉኮስ ለመሆን መጀመሪያ ፓይሩቬት መሆን አለበት። ለዚያ ባዶ ኤንኤዲ ይፈልጋል፣ የለም። ግሊሰሮል ወደ መንገዱ ለመግባት ባዶ ኤንኤዲ ይፈልጋል፣ የለም። አላኒን ፓይሩቬት ይሆናል፤ ግን በዚህ ሁሉ የሞላ ጀሪካን መሃል ፓይሩቬቱ መደፊያ ሆኖ ወደ ላክቴት ይገፋል። ከፓይሩቬት ወደ ግሉኮስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኦግዛሎአሴቴትም በዚያው ግፊት ማሌት ሆኖ ይቀራል። ሦስቱም በሮች ተዘጉ። ግላይኮጅኑ ደግሞ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስላልበላ አልቋል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው የሻይ ማንኪያ ስኳር ማን ይተካት?

አየሽ፣ «ስላልበላ» የሚለው የመልሱ አንድ እግር ነው። ሁለተኛው እግር አረቄው ነው። በልቶ ቢጠጣ ግላይኮጅኑ ይደግፈው ነበር። ሳይበላ ባይጠጣ ግሉኮኒዮጀነሲስ ይደግፈው ነበር። እሱ ሁለቱንም አጣ። እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ ማንም አስተማሪ 20ውን ይሰጥሽ ነበር። በዚህ መልስ ውስጥ አንድም የኢንዛይም ስም እንዳልጠራሁ ደግሞ ልብ በይ።

ከዚህ ተነስተሽ ራስሽን ወደ ፊት ግፊ። ለዚህ ሰው የግሉካጎን መርፌ ብቻ ቢሰጠው ስኳሩ ይነሳል? ጥሩ ውጤት የሚጠበቅ አይደለም። ግሉካጎን ግላይኮጅንሽን ፍቺ ብሎ የሚያዝ ነው፣ የሚፈታ ነገር ግን የለም። የሚያስፈልገው ግሉኮስ ራሱ ነው። ለብዙ ዓመት ለጠጣ ሰው ከግሉኮሱ ጋር ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) የሚታዘዘውስ ለምን ይመስልሻል? ፓይሩቬትን ወደ ክሬብስ ሳይክል መግቢያው አሴታይል ኮኤ የሚለውጠው ኢንዛይም ያለ ቲያሚን አይሠራም፤ የቆየ ጠጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቲያሚን እጥረት አለበት። ዎርድ ስትገቢ ይህን ታገኚዋለሽ።

ክሬብስ ሳይክል ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አጠናን ልንገርሽ። ስምንቱን ስም በዜማ ከመያዝሽ በፊት ክብ መሆኑ እንዴት እንደታወቀ ተረጂ። ሃንስ ክሬብስ ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 ከሥራው ተባረረና ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በ1937 ሼፊልድ ውስጥ ከተማሪው ከዊሊያም ጆንሰን ጋር የርግብ የደረት ጡንቻ እየፈጨ ይሠራ ነበር። ርግብ የምትበርበት ጡንቻ ነው፣ ኦክስጅን አጥብቆ ይጠቀማል።

ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት ሴንት ጆርጂ ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ የሚገርም ነገር አይቷል። ከሳይክሉ ሞለኪውሎች አንዱ የሆነው ፉማሬት ጥቂት ጠብ ሲደረግበት ጡንቻው የሚወስደው ኦክስጅን ፉማሬቱን ለማቃጠል ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። ፉማሬቱ እየተቃጠለ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እየተመለሰ እንደገና ይሠራል። ክሬብስ ደግሞ ማሎኔት ጨመረ። ማሎኔት ከሱክሲኔት ወደ ፉማሬት የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። ያም ሆኖ ፉማሬት ሲጨመርበት ሱክሲኔት ተጠራቀመ። እንዴት? አጭሩ መንገድ ተዘግቷል። ሁለት ሰፈር የሚያገናኘው መንገድ ተቆፍሮ ተዘግቶ ሳለ ጎረቤትሽ ከዚያ ማዶ ደርሶ ብታገኚው በቀለበት መንገድ ዞሮ ነው ትያለሽ አይደል? ክሬብስም ያለው ይህንኑ ነው። ፉማሬቱ በማሌት፣ በኦግዛሎአሴቴት፣ በሲትሬት አድርጎ ዞሮ ነው የመጣው።

ጽሑፉን ለ«ኔቸር» መጽሔት ላከ። መጽሔቱ ብዙ ደብዳቤ ተከማችቶብኛል ብሎ አልተቀበለውም። ሌላ ቦታ አሳተመው። በ1953 ከፍሪትዝ ሊፕማን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ይህን ታሪክ የምነግርሽ ለማስደመም አይደለም። ማሎኔቱ ከገባሽ የሳይክሉ ግማሽ ገብቶሻል። ፈተና ላይ «ይህ ኢንዛይም ቢዘጋ ምን ይጠራቀማል፣ ምን ይጎድላል?» ሲሉሽ የሚጠይቁሽ ክሬብስ ራሱን የጠየቀውን ነው።

ከሳይክሉ ሌላ መያዝ ያለብሽ ነገር የካርበን ቆጠራ ነው። በአሴታይል ኮኤ 2 ካርበን ይገባል። በአንድ ዙር 2 ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ትርፍ ኦግዛሎአሴቴት አይገኝም። ከፓይሩቬት ወደ አሴታይል ኮኤ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፣ መመለሻ የለውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኚ፦ ፋቲ አሲዶቻችን ግሉኮስ መሆን አይችሉም። ግሊሰሮሉ ብቻ ይችላል፣ እሱም ትንሽ ነው። «ሰውነት ሲራብ ስቡን ወደ ስኳር ይለውጣል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየዓመቱ አገኛለሁ። ስብ ስኳር አይሆንም። ስብ የሚያደርገው ወጪውን መክፈል ነው። ጉበት ከፓይሩቬት አንድ ግሉኮስ ለመሥራት የ6 ኤቲፒ ዋጋ ታወጣለች። ገንዘቡ የሚመጣው ስብ ከማቃጠል ነው።

ታዲያ ረሃቡ ሳምንታት ቢቆይ አንጎል ምን ይበላል? ጡንቻ እየፈረሰ በአላኒን መልክ ብቻ ቢቀልበው ሰው ብዙም ሳይቆይ ያልቅ ነበር። በ1967 ቦስተን ውስጥ ኦሊቨር ኦወንና ጆርጅ ካሂል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ክብደት ለመቀነስ ከ5 እስከ 6 ሳምንት የጾሙ ሦስት ሰዎችን መረመሩ። ወደ አንጎል የሚገባውን ደምና ከአንጎል የሚወጣውን ደም አወዳደሩ። አንጎል በዚያ ደረጃ ከሚያቃጥለው ውስጥ ትልቁን ድርሻ ከኬቶኖች እንደሚያገኝ ታየ። ኬቶን ጉበት ከስብ የምትሠራው፣ በደም ውስጥ በቀላሉ የሚጓዝ ምግብ ነው። በሽታ ብቻ አይምሰልሽ። በረሃብ ጊዜ ጡንቻችንን ከመፍረስ የሚያድነው እሱ ነው። በድርቅና በጦርነት ብዙ ለተራበ ሕዝብ ልጅ ይህ ምዕራፍ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም። እኔ ሳስተምረው ሁልጊዜ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ስለ ስትራክቸር የጠየቅሽውን በአጭሩ ልመልስ። ሁሉንም አትያዢ። ግሉኮስን፣ ፓይሩቬትን፣ ላክቴትን፣ አሴታይል ኮኤን፣ ኦግዛሎአሴቴትን፣ ሲትሬትን እና አልፋ ኪቶግሉታሬትን ሳታዪ መሳል ቻይ። ከዚያ ሦስት ጥንዶች ያዢ፦ አላኒን ከፓይሩቬት፣ አስፓርቴት ከኦግዛሎአሴቴት፣ ግሉታሜት ከአልፋ ኪቶግሉታሬት። ጎን ለጎን ስትስያቸው ልዩነታቸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። በአንዱ ላይ አሚኖ፣ በሌላው ላይ ኪቶ። ይህ ከገባሽ የአሚኖ አሲድ ሜታቦሊዝም በሩ ተከፈተልሽ። የቀረውን ሲያስፈልግ ታነቢዋለሽ። አስተማሪሽ ግን ስትራክቸር ይጠይቃሉ ከተባለ ያለፉትን ፈተናዎች እይና የጠየቁትን ያዢ፤ ያ የፈተና ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ግሉኮስ ስንት ኤቲፒ ይሰጣል በሚለው አትጣዪ። የቆየ ስላይድ 36 ወይም 38 ይላል። አዲሱ 30 ወይም 32 ነው። የድሮው ለአንድ ኤንኤዲኤች 3 ይቆጥር ነበር። አሁን ግን አንድ ኤንኤዲኤች ሲደፋ 10 ፕሮቶን ይገፋል፣ አንድ ኤቲፒ ወደ 4 ፕሮቶን ይፈጃል፣ ስለዚህ 2.5 ብለን እንቆጥራለን። ሌላው የሞላ ጀሪካን ለሆነው ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 1.5። በ30ና በ32 መካከል ያለው ልዩነት የግላይኮሊሲሱ ኤንኤዲኤች በየትኛው መንገድ ማይቶኮንድሪያ እንደገባ ነው።

የሚቀሩሽን 5 ሳምንታት እንዲህ ተጠቀሚባቸው። ስላይድ ደጋግመሽ አታንብቢ፣ አታስምሪበትም። ማንበብ የገባን ያስመስለናል። ማታ ላይብረሪ ስትገቢ ባዶ ወረቀት አውጪ። ሃንድአውቱን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። የቀኑን ፓዝዌይ ከአእምሮሽ ሳይው። ከላይ ጻፊበት፦ የትኛው አካል፣ የሴሉ የትኛው ክፍል፣ ሲበላ ወይስ ሲጾም፣ ምን ገብቶ ምን ይወጣል፣ ቁልፉ የትኛው ኢንዛይም ላይ ነው። ስትጨርሺ ብቻ ሃንድአውቱን አውጥተሽ በሌላ ቀለም አርሚው። የመጀመሪያው ወረቀት በእርማት ይሞላል፣ ተስፋ አትቁረጪ። በሁለት ቀን፣ ከዚያ በሳምንት ደግመሽ ሳይው። የታረመው ነገር እየቀነሰ ሲሄድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ቁልፎቹን በተመለከተ ከብዙ ኢንዛይም ይልቅ ጥቂቱን በደንብ እወቂ። ለምሳሌ ማሎናይል ኮኤን ውሰጂ። ጉበት በልታ ስብ ስትሠራ የምትሠራው ነገር ነው። ይኸው ራሱ ፋቲ አሲድ በካርኒቲን አማካይነት ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ለምን? በአንድ እጅ እየሠራች በሌላው እንዳታቃጥል። ስትጾም ማሎናይል ኮኤ ይወርዳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ስብ መቃጠል ይጀምራል። አንድ ሞለኪውል፣ ሁለት ሥራ። ይህን አንዴ ለጓደኛሽ አስረጂ። ስታስረጂ የምትንተባተቢበት ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው፣ እዚያ ተመለሺ።

ይህን የሚያነቡ አስተማሪዎች ካሉም አንድ ቃል አለኝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ 90 ስላይድ አሳልፈን «የገባችሁ?» ማለት ይቅር። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፈተናው ግን እውነቱን ይናገራል። በሽተኛውን መጀመሪያ እናምጣው፣ መንገዱን በኋላ። አረቄ የጠጣው ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ቢገባ ተማሪው ግሉኮኒዮጀነሲስን እየፈለገው ይማረው ነበር። ጥያቄው ግን እስከ ፈተና ቀን ተደብቆ ቆየ። ለተማሪዋ ያላሳየናትን አስተሳሰብ ሚድ ላይ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም።

በይ እህቴ፣ ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ። የ10 ወር ሕፃን ነው። ተቅማጥና ትውከት ይዞት ሁለት ቀን በደንብ አልጠባም። ዛሬ ጠዋት እናቱ ብትቀሰቅሰው አልነቃ አላት። የደም ስኳሩ በጣም ወርዷል። እንዲህ የተራበ ልጅ ደሙና ሽንቱ ውስጥ ብዙ ኬቶን ይጠበቅ ነበር፣ የተገኘው ግን ኢምንት ነው። የትኛው መንገድ ቢዘጋ ነው ስኳርም ኬቶንም አብረው የሚጠፉት? ባዶ ወረቀት አውጪ። ከሰዓቱ ጀምሪ፣ የጉበቷን ሽምብራ ቁጠሪ፣ ከዚያ ወጪውን ማን ይከፍል እንደነበር ጠይቂ። መልስሽን ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።